ቀለሙ እስካለ ድረስ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

አናጢው ከሥራ ሲወጣ ጎራ አለ። የቤት ቢራ ጠማቂዎች ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው፤ ከጃኬቱ ላይ ሰጋቱራ ጠፍቶ አያውቅም። ወንበር ስስብለት ገና ሳይቀመጥ፣ «ሲስተር፣ ዘንድሮ በዓመታዊው ስብሰባ ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩን እርስዎ ነዎት። ተወስኗል» አለኝ።

«ማን ወሰነ?»

«የኮመጠጠው ቢራችን ነዋ።»

ቀኑ ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ ነው። ስልሳ ሰው ይገኛል ብሏል። እሺ አልኩት። ለወጉ ትንሽ ማንገራገር ነበረብኝ መሰለኝ፤ ግን ለምን ብዬ? ሆስፒታል ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የቀዶ ጥገና ዕቃ ማምከኛ ክፍል ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ አሥራ አራቱን ዓመት በኃላፊነት። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት መቀስ «ይቺ በደንብ አልመከነችም» ተብላ አልተመለሰችብኝም። ልጄ የመጥመቂያውን ዕቃ ገዝቶ፣ ሁለት ጊዜ ቢራውን ኮምጣጤ አድርጎ፣ በሦስተኛው ሊጥለው ደጅ ሲያወጣው «ወዲህ በል» ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ አንድ ጠርሙስ አልተበላሸብኝም።

የማስተምረውን ከአሁኑ ልጻፍ። ዕቃው መጀመሪያ በደንብ ይታጠባል፤ ቆሻሻ ካለ አዮዲኑን ይበላዋል። ከዚያ ሃያ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ አሥራ አምስት ሚሊ ሊትር አዮዲን፣ በሲሪንጅ ተለክቶ። በግምት አይሆንም። ቢበዛ ቢራው መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ቢያንስ ድካሙ ሁሉ በከንቱ ነው። ሙቅ ውሃም አይሆንም፤ አዮዲኑ ይተናል። ዕቃው ሁለት ደቂቃ ይነከርና ይንጠፈጠፋል። በቃ። በውሃ አይለቀለቅም። ሰው አላምን የሚለኝ ይሄን ነው፤ ሁሉም ሮጦ ቧንቧ ሥር ያስቀምጠዋል። ያመከኑትን ዕቃ መልሶ ማለቅለቅ ድካምን ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

ልኩን የጠበቀ ውሃ ቀጭን ሻይ ይመስላል። ቀለሙ እስካለ ድረስ ይሠራል፤ ቀለሙ ከጠፋ ያው ተራ ውሃ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ መበጥበጥ አያስፈልግም። ዓይን ያለው ሰው አይቶ ያውቀዋል።

ወፍራም እስክሪብቶ ገዛሁ። የዘንድሮን ደብተር መስመሩን አቅጥነውታል።


ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ዛሬ ማሸግ ነበር። ምራቴ ጠርሙስ አጠበችልኝ። ልጄ አሳንሰር ስለሚጠግን ቅዳሜም ይጠሩታል፤ ከሰዓት በኋላ ቤት የምንውለው ሁለታችን ነን። እሷ የምትሠራው ቀለም ቤት ነው። ደንበኛ የጨርቅ ቁራጭ ይዞ ሲመጣ እሱን የሚመስል የግድግዳ ቀለም ትቀላቅላለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ዝምታዋ ብቻ አንዳንዴ ይከብደኛል።

ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ቆየችና፣ «እትዬ፣ ይሄ መቼ ነው የተበጠበጠው?» አለችኝ።

«ረቡዕ።»

«አልነጣም?»

«ቀለሙን እያየሽው፣ ልጄ።»

አየችው። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ እጥበቷን ቀጠለች።

የሳሎኑን መጋረጃ ነገ እኔው አወርደዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አጥባዋለች፤ አሁንም ቢጫ ነው።


ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ኮመጠጠ።

ከሦስት ጠርሙስ ቀመስኩ፣ ሦስቱም። የመጀመሪያውን ስቀምስ ምላሴን ነው የጠረጠርኩት። ልጄ አንድ ጉንጭ ጎንጨት አለና ፊቱን አጨማዶ፣ «እማ፣ ይሄማ የእኔ አሠራር ነው» አለኝ። ሳቅን። ምራቴ አልሳቀችም።

ቀሪውን ደፋሁት። ቆርኪው ነው። ከማላውቀው ሱቅ ነበር የገዛሁት። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ይሁን።


ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ከገበያ ስመለስ መሸብኝ። መኪኖቹ ዘንድሮ ምን ዓይነት መብራት እንደሚገጥሙ እንጃ፤ ብርሃኑ ተበትኖ ዓይን ውስጥ ይገባል። መንገድ ስሻገር አንዱ ሹፌር ሰደበኝ። ሕግ ሊወጣላቸው ይገባል።

የወጥ ቤቱን አምፖል ቀየርኩ። አዲሱም ያው ነው፣ ደካማ።


ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ቆርኪው አይደለም። ሁለተኛውም ኮምጥጧል፤ እሱ ደግሞ በድሮው ቆርኪ ነበር የታሸገው።

እንደ ሥራ ቤቴ ላስብበት። ድሮ ችግር ሲገጥመን ሰው ከመውቀሳችን በፊት ምን ተለወጠ ብለን ነበር የምንጠይቀው። ውሃው ያው ነው። እርሾው ያው ነው። ብቅሉ ያው። አዮዲኑ ያው፣ ልኩም ያው። የተለወጠው እጅ ነው። እስከ ሰኔ ጠርሙስ የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ እሷ ናት፤ ክረምቱን ደግሞ አልጠመቅንም። ወገቤን እያመመኝ ነበርና «ተዉት እኔ አጥባለሁ» ብላ ነው የወሰደችው። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ይሄን መጻፍ አልወድም። ግን የራሴ ደብተር ነው።


ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ጠርሙሱን ከዛሬ ጀምሮ ራሴ አጥባለሁ አልኳት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ገብቷታል።

«እሺ እትዬ። ሳፋውን ግን እኔ ላዘጋጅ?»

«ሳፋውን ተይው።»

አጥቤ ጨርሼ ልነክር ስል አናጢው ደወለ። ስለ አዳራሹ ነበር፤ ወንበር ይበቃል አይበቃም ሲል ሩብ ሰዓት ያዘኝ። ስመለስ ጠርሙሶቹ ሳፋው ውስጥ ተነክረው ጠበቁኝ። ማለፊያ ነው፣ ጊዜ ቆጠበችልኝ። ወጥ ቤቱ እንደ ድሮው ማምከኛ ክፍል ጥርት ያለ አዮዲን ይሸት ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ ደስ አለኝ።


ኅዳር 4፣ ሐሙስ

በግድግዳው በኩል ሳልፈልግ ሰማኋቸው።

እሷ፣ «መንገር አለብህ። እናትህ ናት።»

እሱ፣ «ምን ብዬ? ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ሥራ እኮ ነው። ቅስሟ ይሰበራል።»

እሷ፣ «እኔ ስነግራት ደግሞ ጠላት ነኝ።»

ቤት አግኝተው ሊወጡ ነው ማለት ነው። ይንገሩኝ። ልጅ አግብቶ ከቤት ቢወጣ ቅስሜ የሚሰበር ሰው አይደለሁም።


ኅዳር 12፣ ዓርብ

ይኸውና። በጥቅምት መጨረሻ የታሸገው ተከፈተ፤ ጥርት ያለ፣ አረፋው የማይወርድ፣ ብቅሉ መጨረሻ ላይ ጣፈጥ የሚል። አናጢውን ጠርቼ አስቀመስኩት፤ ጢሙን ጠርጎ ብርጭቆውን መልሶ ዘረጋልኝ።

«ችግሩን ለይቼዋለሁ፤ እጅ ነበር» አልኩት።

ምራቴ ከኋላችን ልብስ ታጥፍ ነበር። አልሰማችም።

የሰማች አይመስለኝም።


ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

እጄ እየተቻኮለ ነው የምጽፈው፤ ንዴቱ አልበረደልኝም።

ዛሬም ማሸግ ነበር። ከሱቅ ቆርኪ ይዤ ስመለስ ምራቴን ሳፋዬን ስትደፋ አገኘኋት። ረቡዕ የበጠበጥኩትን፣ ቀለሙ ያለውን።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ደነገጠች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። «ውሃ ሆኖ ነበር እትዬ። ቀለሙ ጠፍቷል። አዲስ ልበጠብጥ ብዬ ነው።»

«እኔ አላይም?»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳፋውን እንደገና ሞላች፤ አዮዲኑንም ጨመረችበት። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ባለፈውም የቀየርኩት እኔ ነኝ። ስልክ ላይ እያሉ» አለች።

«ደብቀሽ?»

«ስነግርዎ እሺ ስላላሉኝ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። የግድግዳ ቀለም አይደለም፣ ከቀለም ቤት የመጣ እጅ ማምከን አያስተምረኝም፣ በቤቴ ውስጥ ሁለት ጥንስስ ያኮመጠጠብኝ ማን እንደሆነ አሁን ገባኝ፣ አልኳት። እጇን በፎጣ አደረቀች። ፎጣውን አጥፋ ቦታው መለሰች። ከዚያ ወጣች።

ሳፋው ተሞልቶ ነበር። ሲሪንጁ አጠገቡ ተቀምጧል፣ እስከ አሥራ አምስቷ መስመር በአዮዲን ቀልሞ። በግምት አልነበረም የበጠበጠችው። ይሄን ልብ ብያለሁ።

በርሜሉ ተከፍቶ ስለነበር ሌላ ለመበጥበጥ ጊዜ አልነበረኝም። በእሷው ውሃ ነክሬ አሸግኩና ሃያ አራቱንም ጠርሙስ ለብቻ ጥግ አቆምኳቸው። እንደሚበላሹ አውቃለሁ።


ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ወጡ። ሁለት ክፍል ተከራይተዋል፣ ከሥራ ቦታዋ ብዙ አይርቅም። ልጄ ዕቃ ሲያወጣ ጥግ ላይ ያሉትን ጠርሙሶች አየና፣ «እነዚህንስ?» አለኝ።

«ውሰዳቸው። የሚስትህ ናቸው።»

እሷ ስትሰናበተኝ ጉንጬን ሳመችኝ። «ደህና ይሁኑ እትዬ። ደረጃው ላይ ሲወርዱ ቀስ ይበሉ» አለችኝ። እንደ አሮጊት።

ቤቱ ሰፋ። ጸጥ አለ። ጠርሙስ ማድረቂያውን ለብቻ ማንሳት እንዲህ እንደሚከብድ አላስተዋልኩም ነበር።


ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ለብቻዬ አሸግኩ። ከብቅሉ እስከ ቆርኪው ከእኔ እጅ በቀር ማንም አልነካውም። እሑድ የበጠበጥኩት እስከ ዛሬ ልክ እንደ ቀጭን ሻይ ነው። ጥሩ አዮዲን ገጥሞኛል።


ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ኮመጠጠ።

ማንም አልነካውም።

ውሃው ነው። ሰሞኑን ከመንገዱ ማዶ ለቧንቧ ሲቆፍሩ ነበር። ወይም እርሾው አርጅቷል። ወይም በርሜሉ ውስጡ ተጭሯል፣ ጭረት ውስጥ ጀርም ይደበቃል።

እሷ ቤት ውስጥ የለችም።

ከሰዓት በኋላ ልጄ ደወለ። ስለ ሥራው፣ ስለ ቤት አከራያቸው አወራን። ከዚያ፣ «እማ፣ ያን ጥግ ላይ አቁመሽው የነበረውን ከፈትነው። እንዴት ያለ ቢራ ወጥቶታል መሰለሽ» አለኝ።

«ጎሽ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።


ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ነገ ነው። ኮቴን ተኩሻለሁ። የምናገረውን ሁለት ጊዜ ለብቻዬ ቆሜ ተናግሬዋለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሰው ከሩቅ እንዲያየው ብዬ ትልቁን የብርጭቆ ጆግ ማክሰኞ ዕለት በልኩ በጥብጬ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ፀሐይ ሲያርፍበት ያምራል፤ ማር ይመስላል።

ስለ ሰሞኑ ብልሽት አላነሣም። የአንድ ሰሞን ብልሽት የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ አያፈርስም። እጄ አይንቀጠቀጥም።


ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ልጄ አልመጣም፣ ተረኛ ነው። አናጢው አስተዋወቀኝ፤ አጨበጨቡ። ድምፄ ጥሩ ነበር። መጀመሪያ እጥበት፣ ከዚያ ልኩ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃው፣ ለምን እንደማይለቀለቅ። ሰው ይጽፍ ነበር። አንዲት ሴት ስለ ጎማ ቱቦ ጠየቀችኝ፣ በደንብ መለስኩላት። እዚህ ድረስ ጥሩ ነበር፤ ይሄን ማንም አይነሣኝም።

ከዚያ ጆጉን ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

«ተመልከቱት። ቀጭን ሻይ። ይሄን ቀለም ካያችሁ ሥራችሁ ዋስትና አለው።»

ማንም ምንም አላለም። ሰው ሲገባው እንዲህ ዝም እንደሚል አውቃለሁና ጆጉን ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞርኩላቸው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ወፍራም የአውቶቡስ ሹፌር፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግራ ገብቶት፣ «የቱ ቀለም ነው ሲስተር?» አለኝ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

«ይሄ» አልኩ። «በእጄ የያዝኩት።»

አናጢው ተነሥቶ አጠገቤ መጣ። «የአዳራሹ መብራት ነው። ትንሽ ዕረፍት እናድርግ» አለ ጮክ ብሎ። ጆጉን ከእጄ ሲቀበለኝ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ሲስተር፣ ንጹሕ ውሃ ነው» አለኝ።

ከዕረፍቱ በኋላ ተመልሼ አልገባሁም።


ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

አልወጣሁም። በሩ ሲንኳኳ አልከፍትም ብዬ ነበር፤ አናጢው ነው፣ አልሄድ አለ። ጆጉን ይዞልኝ መጥቷል።

ተቀምጦ እጁን ሲያሻሽ ቆየ። «አባቴም አናጢ ነበር» አለኝ። «በእርሳስ ያሰመረውን መስመር እየሳተ መጋዙን ይሞርድ ነበር፤ መጋዙ ነው እያለ። ጣቱን ቆርጦ ነው ያመነው። እርስዎ እስከዚያ አይጠብቁ። ዓይንዎን ይታዩ።»

«ዓይኔ ደህና ነው» አልኩት።

«እሺ» አለ። «ደህና ከሆነ ሐኪሟ ትነግርዎታለች።»


ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

የዓይን ሞራ ነው። በሁለቱም።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ የልጄ ታናሽ ትሆናለች። በመሣሪያዋ አይታኝ ስትጨርስ፣ «ብዙ ዓመት የያዘ ነው። ሞራው ቡናማ ሆኗል። ነገሩን ሁሉ በቢጫ መስታወት ውስጥ ነው ሲያዩ የቆዩት» አለችኝ።

«ነጩን ሁሉ?»

«ነጩንም፣ ውሃውንም።»

መብራት ሲመታዎ ይበተናል ወይ፣ ፊደል ይደበዝዝብዎታል ወይ፣ አምፖል ይቀያይራሉ ወይ እያለች ጠየቀችኝ። አንድ በአንድ እዚህ ደብተር ላይ የጻፍኩትን። አንዱንም አልካድኩም። ነርስ ለሐኪም አይዋሽም።

ቀኝ ዓይን በሚቀጥለው ረቡዕ፣ ግራው ወር ቆይቶ። ይድናል ብላኛለች። እንደሚድን ቀድሞም አውቃለሁ፤ ስንት የዓይን መሣሪያ አምክኜ ያስገባሁ ሰው ነኝ።

የማላውቀው ሌላው ነገር ነው።


ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ

ተሠራ። አላመመኝም። ዕቃው ሲቀርብ የታሸገበትን ወረቀት አየሁ፣ ሲመክን ቀለም የሚለውጠው ምልክት በደንብ ተለውጧል፣ መክኗል። አንዷ ነርስ ስመለከት አይታ፣ «ያልፋል?» አለችኝ። «ያልፋል» አልኳት።

የወሰደኝ ልጄ ነው። መኪና ውስጥ ጠየቅሁት።

«ታውቅ ነበር?»

መንገዱን እያየ መለሰልኝ። «እሷ ናት ያየችው። በሰኔ። ጠርሙሱን የወሰደችብሽ ወገብሽን ብላ አልነበረም። ሳፋው ነጥቶ ስትነክሪበት አይታ ነው።» ከዚያ፣ «ንገራት ስትለኝ እኔ ፈራሁ» አለ።

ሆስፒታል አድርሶኝ አሳንሰር ውስጥ ሰው ተይዞ ስለጠሩት፣ ተሠርቼ ስወጣ ብቻዬን አንድ ሰዓት ጠበቅሁት። አልተቀየምኩትም። የፈራው እኔን ነው፤ የሚያስፈራ ነገር ባይኖረኝ አይፈራኝም ነበር።


ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

መሸፈኛው ትናንት ተነሥቷል። ዛሬ ጠዋት ለብቻዬ ሞከርኩ።

መጋረጃው ነጭ ነው። ነጭ ብቻ አይደለም፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ። እሷ አጥባው ነበር፣ አልነጣም ብዬ እኔው ደግሜዋለሁ።

ጆጉን ንጹሕ ውሃ ሞልቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩና ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ። ውሃ። ቀኙን ሸፈንኩ። ቀጭን ሻይ። እንደገና ውሃ። እንደገና ሻይ። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም። በዚህ ነው ዕቃዬን ሳመክን የከረምኩት። እሷ ቀይራ የበጠበጠችው ሁለቱ ጥንስስ ብቻ ነው የዳነው፤ ሁለቱ፣ ሁለቱም። የመጀመሪያውን በራሴ ስም ለአናጢው አስቀመስኩት።

በሆስፒታሉ ዘመን አንዲት ተማሪ እንዲህ ብላ ቢሆን ኖሮ፣ «ሲስተር፣ ይሄ ልክ አይደለም» ብላ ደፍራ ቢሆን፣ በሰልፍ ፊት ነበር የማመሰግናት። ብዙዎቹን አመስግኜአለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን ምራት ናት ብዬ፣ ቀለም ቤት ናት ብዬ።


ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ

ቀለም ቤት ሄድኩ። እንደማንኛውም ደንበኛ ተሰለፍኩ። ከፊቴ አንድ ሰውዬ ግራጫ ቀለም ያስቀላቅል ነበር፤ ልክ ነው፣ ይበቃል ሲላት፣ እሷ እንጨት ነክራ ወደ መስኮት ወስዳ አየችውና፣ «አይደለም፣ ትንሽ ጥቁር ይቀረዋል» አለችው። ጠብ አደረገችበት። ሰውዬው ከያዘው ቁራጭ ጋር አስተያየውና ራሱን ነቀነቀ። ያን ሁሉ ጊዜ እኔን አላየችም።

ተራዬ ደረሰ። ቀና አለች። መጀመሪያ ያየችው ቀኝ ዓይኔን ነው።

«እንዴት ነው?»

«አያለሁ» አልኳት። በመንገድ ሳዘጋጀው የመጣሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «ውሃ ነበር። ልክ ነሽ። ሁሉንም ጊዜ ልክ ነበርሽ። ያኮመጠጥኩት እኔ ነኝ።»

ቆርቆሮውን በጨርቅ ትጠርግ ነበር። «ቢራው ምንም አይደለም እትዬ።»

«ቢራውን አይደለም የምልሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ጨርቁን አስቀመጠች። «ከቀለም ቤት የመጣ እጅ ያሉኝን ነው ያልረሳሁት። በየቀኑ ጠዋት ይሄን በር ስከፍት ትዝ ይለኛል። ሥራዬን እወደዋለሁ።»

ዓይኗ ደህና እንደሆነ፣ እጇም ደህና እንደሆነ፣ እኔ ደግሞ ያን ቀን የተናገርኩት የማላውቀውን እንደሆነ ነገርኳት። ይቅር በይኝ አልኳት። ይቺን ቃል ለማውጣት እንዲህ እንደሚያስቸግረኝ አላውቅም ነበር። ከኋላዬ የተሰለፈች ሴት ጣሪያውን ታይ ነበር።

«ይቅር ብያለሁ» አለችኝ። ፈገግ አላለችም፣ ግን ከልቧ ነው። «ወደዚያ ቤት ግን አንመለስም።»

ተመለሱ ልላቸው ነበር የሄድኩት። «አትመለሱም» አልኳት። «ቤታችሁ አላችሁ። ጥር 9 ትምህርቱን ልደግመው ነው፤ አናጢውን ለምኜ። ብትመጪ ደስ ይለኛል።»

«ሥራ ካልበዛ» አለች።


ጥር 9፣ ቅዳሜ

በዚህ ጊዜ አርባ ሰው ነበር። ስመጣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከልጄ ጋር ተቀምጣ አየኋት። ያየኋት ከበሩ ነው፣ ከሩቅ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። «ባለፈው የያዝኩት ጆግ ንጹሕ ውሃ ነበር» አልኩ። «እኔ ብቻ ነበርኩ ቀለም የማየው። ሦስት ጥንስስ በዚያ ውሃ አበላሽቻለሁ። አንድ ሰው ነግሮኝ ነበር፤ ነጋሪውን ነው የወቀስኩት። ስለዚህ ዛሬ የማስተምራችሁ ባለፈው የዘለልኩትን ጭምር ነው። ቀለሙን ለብቻችሁ አትፍረዱ። ነጭ ሳህን ውስጥ ጨምሩት፣ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ይየው፣ ያ ሰው ጠፍቷል ካላችሁ ጠፍቷል።» ድምፄ ደህና ነበር። ከባለፈው ይሻል ነበር እንጂ።

አዮዲኑን እዚያው ፊታቸው ለክቼ በጠበጥኩት። ሹፌሩ ዛሬም ከፊት ነበር። እጁን አወጣ። «ሲስተር፣ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋስ? በግማሽ ቢደበዝዝ?»

አፌን ከፈትኩ። ድሮ ብሆን ቆይ፣ ገና ይሠራል ነበር የምለው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር የማደርገው። ከሦስተኛው ረድፍ፣ ሳትነሣ፣ «ይደፋል፤ አዲስ ይበጠበጣል» አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።

«ትክክል ናት» አልኩ። «እኔ ይሄን ለመቀበል ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።»

«ሰባት» አለች። «ከሰኔ ጀምሮ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። እሷ አንገቷን ደፋች፣ ግን ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷም እየሳቀች ነው።

ሰው ሲበተን ልጄ መኪናውን ሊያመጣ ወጣ። ሳፋውን በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እኔ ይዘን ጓሮ አውጥተን ደፋነው። እጇን እያራገፈች፣ «ግራው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ጥር 21።»

«ማን ይወስድዎታል?»

«ልጄ...»

«እሱ ይጠራና ይሄዳል። ባለፈው አንድ ሰዓት ብቻዎን እንደቆዩ ነግሮኛል። እኔ ፈቃድ እወስዳለሁ።»

ራሴ እሄዳለሁ፣ አንድ ዓይን አለኝ፣ ይበቃኛል ልላት ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«ሐሙስ ነው» አልኳት። «ጠዋት ሁለት ሰዓት።»